ስሟ እንዳይጠራ ያለችው እኅታችን

በክብረ በዓል ቀን ዐውደ ምሕረት ላይ ድምፅ ማጉያ የጨበጠ አስተባባሪ ዘንድ ምሥጢር አይበረክትም። «አንዲት እኅታችን ስሜ እንዳይጠራ ብላ መቶ ሺህ ብር ልካለች፤ እስቲ እልል በሉ!» ይላል። ሕዝቡ እልል ይላል፤ እስከዚህ ድረስ የሴትዮዋ ቃል ተከብሯል። አስተባባሪው ግን ሆዱ አይችልም። «ያለችው አሜሪካ ነው» ብሎ ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ «ዳላስ» ይላል። ቀጥሎ «ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ እየሆነች ያጠራቀመችውን ነው የላከችው» ይላል። በመጨረሻም «እናቷ እዚሁ መካከላችን አሉ፤ እማማ፣ እስቲ ብድግ ይበሉልን» ሲል እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ ይላሉ፤ እልልታውም ይደገማል። ሰውዬው ቃሉን ጠብቋል፤ ስሟን አልጠራም። ሥራዋን፣ ከተማዋን፣ እናቷንና የባንክ ደብተሯን ጠርቶ ስሟን ብቻ ለመንግሥተ ሰማያት አስቀርቶላታል።

ይህን የማነሣው አስተባባሪዎችን ለማሳጣት አይደለም። ብዙዎቹ ከሥራቸውና ከቤታቸው ጊዜ ቀንሰው፣ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ለምነው ሕንፃ ያቆሙ ሰዎች ናቸው። ነገሬ ሌላ ነው፤ ከሩቅ ለሚመጣ ስጦታ የምንሰጠው መልስ ቦታው ተዛንፏል። በወረቀት ማለቅ ያለበት በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ በጸሎት መታሰብ ያለበት በማስታወቂያ ይታወጃል። ሰጪዋ ልታውቀው የሚገባት ጉዳይ፣ ማለትም ገንዘቡ መድረሱ፣ የማን እጅ መግባቱና ምን እንደተሠራበት፣ ለእሷ አይነገራትም። ሕዝቡ ባያውቀው ምንም የማይጎድለው ጉዳይ፣ ማለትም ማን፣ ከየት፣ ስንት የሚለው፣ ለሕዝቡ በዝርዝር ይነገራል። ሁለቱን ቦታ ብናለዋውጣቸው ሰጪውም፣ ምእመኑም፣ ቤተ ክርስቲያኒቱም ያርፋሉ ባይ ነኝ።

ቅርብ ያለ ሰጪና ሩቅ ያለ ሰጪ አንድ ዓይነት መልስ አያስፈልጋቸውም። የሰፈሩ ሰው ብሩን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ሲከት በዓይኑ ያያል፤ በሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ የቤተ ልሔሙ ጣሪያ መከደን አለመከደኑን ቀና ብሎ መፈተሽ ይችላል። ቆርቆሮው ከዘገየም ገንዘብ ያዡን በር ላይ ጠብቆ ያፋጥጠዋል። ሩቅ ያለችው ይህ ሁሉ የላትም። ብሯ ከእሷ ስልክ ወደ አንድ የኮሚቴ አባል የአክስት ልጅ ስልክ፣ ከዚያ ወደ ባንክ፣ ከዚያ ወደ ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ይሄዳል። በየመንገዱ ሁሉም ሰው ታማኝ ነው እንበል፤ ታማኝነታቸውን የምታውቀው ግን በወሬ ነው። «ደረሰ?» ብላ ትጽፋለች። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ይሆናሉ። በሦስተኛው ቀን የተጋጠሙ ሁለት መዳፎች ሥዕል ይመጣላታል። በሳምንቱ ደግሞ የእልልታው ቪዲዮ በቴሌግራም ይደርሳታል፤ እናቷ ብድግ ሲሉ በደንብ ይታያሉ። ደረሰኝ ግን የለም። ሰው ሁሉ የሰማውን ጉዳይ እሷ ብቻ በማስረጃ አልያዘችውም።

ሩቅ ላለ ሰጪ እንዴት መልስ እንደሚሰጥ ለማወቅ አዲስ መመሪያ ማርቀቅ አያሻም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ሠርቶ አሳይቷል። እስር ላይ ሳለ የፊልጵስዩስ ምእመናን በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ላኩለት። የመለሰላቸው መልስ በመልእክቱ አራተኛ ምዕራፍ ላይ አለ፤ እንደ አንድ ጥሩ ጸሐፊ ሥራ አድርጎ ማንበብ ይቻላል። ስጦታው መድረሱን ይነግራቸዋል። በማን እጅ እንደደረሰው ይጠቅሳል። ቀደም ሲል በተሰሎንቄ ሳለ አንድና ሁለት ጊዜ መላካቸውን አልዘነጋም፤ ሒሳቡን ወደ ኋላ ጭምር ይዞታል ማለት ነው። አሁን ሞልቶልኛል ይላቸዋል እንጂ «የቀረችንን ጥቂት ነገር» ብሎ አዲስ ልመና አያስከትልም። ስጦታውን ያመጣው ሰው ታሞ ለሞት ደርሶ እንደነበርና እንደዳነ ደግሞ እዚያው መልእክት ላይ ቀደም ብሎ ጽፎላቸዋል፤ አብረው ሲጨነቁ እንደነበር ያውቃልና። ስንት እንደላኩ ግን አንድም ቦታ የለም። ከመካከላቸው ማን ብዙ፣ ማን ጥቂት እንዳዋጣም የለም። ያን ደብዳቤ ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ በዓለም ዙሪያ እያነበብነው እስከ ዛሬ መጠኑን አላወቅንም፤ የእኛ ሰፈር አስተባባሪ ቢሆን ከምስጋናው በፊት የምንሰማው እሱን ነበር።

«ጳውሎስስ የመቄዶንያን ሰዎች ስጦታ ለቆሮንቶስ ሰዎች እያነሣ አላሞገሰም ወይ? እነዚያ እንዲህ ሰጡ፣ እናንተስ ብሎ አላነሣሣም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ አድርጓል። ያሞገሰው ግን ማኅበሩን በጅምላ ነው፤ ያሞገሰበትም ምክንያት ከድህነታቸው አውጥተው መስጠታቸው ነው። ስም የለ፣ ቁጥር የለ። ደግሞ እዚያው ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ ስምንት ላይ ዝቅ ብለው ቢያነቡ፣ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ለመያዝ እንዳልፈለገ ያገኙታል። ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው የመረጡትን ሌላ ሰው አብሮ ልኳል፤ በዚህ ብዙ ስጦታ ነገር ማንም እንዳይነቅፈን እንጠንቀቅ በማለት። ሐዋርያ ነው፤ «እኔን አታምኑኝም?» ብሎ ሊቆጣ ይችል ነበር። የዛሬ ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ሲጠየቅ ፊቱ የሚለዋወጠው ለምን እንደሆነ ከዚህ አንጻር ግራ ይገባል።

ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ደረሰኝ ላለመስጠት የሚጠቀሰው ጥቅስ ነው። ቀኝ እጅ የሚሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ የሚያዘው የወንጌል ቃል በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ለብዙ ነገር ይውላል። የቃሉ አድራሻ ግን ግልጽ ነው፤ እንዳያውቅ የታዘዘው የሰጪው ግራ እጅ ነው፤ የሒሳብ ሹሙ ግራ እጅ አይደለም። የሒሳብ ሹሙ ሁለቱም እጆች ማወቅ አለባቸው፤ እንዲያውም አንዱ ደረሰኝ ሲቆርጥ ሌላው መዝገብ ቢይዝ መልካም ነው። እዚያው አጠገብ ያለው ደግሞ ምጽዋት ሲሰጥ በፊት በፊት መለከት እንዳይነፋ የሚከለክለው ነው። በመለከት ፈንታ ባለ ሁለት ድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ ቢተካ ሕጉ አይለወጥም። እኛ ግን የሁለቱን ትእዛዝ ጥቅም ለዋውጠን፣ መለከቱን ነፍተን ደረሰኙን ደበቅነው።

የአገራችንም ልማድ ቢሆን ከእኔ ጋር ነው። የቆዩት ገዳማትና አድባራት ወንጌል ዘወርቅ በሚሏቸው መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ለቤተ ክርስቲያኑ የተሰጠ መሬት ይመዘገብ ነበር፤ ማን ሰጠ፣ የትኛው አገር፣ ማን ምስክር ሆነ የሚለው ይጻፋል፤ በስተመጨረሻም ይህን የሻረ፣ የቀማ ውግዝ ይሁን ተብሎ ይታተማል። ይህ ደረሰኝ ነው፤ ያውም ግዝት ያለበት ደረሰኝ። ማንም በየበዓሉ እያነሣ ሕዝብ ፊት አያነበውም፤ ክርክር ሲነሣ ግን ወጥቶ ይመሰክራል። የነገሥታቱ ስም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅረቱን አልክድም፤ ሥዕላቸው ሳይቀር አለ። ግን የት እንዳለ ይታይ። በጣና ሐይቅ፣ በናርጋ ሥላሴ፣ ሕንፃውን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በደረታቸው ተደፍተው ነው የተሣሉት። የአገር እመቤት ናቸው፤ ሠዓሊው ከፍ አድርጎ ቢሥላቸው ማን ይናገረው ነበር? ዛሬ ለአንድ የደወል ቤት ምረቃ በሚሰቀለው ባነር ላይ የለጋሹ ጉርድ ፎቶ ከመልአኩ ክንፍ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲጋፋ ማየት የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም ቦታ ሲጠብ የሚቀነሰው ክንፉ ነው።

በጎው ብቻ እንዳይመስል ደግሞ የብራና መጻሕፍቱን ጉድ ልጨምር። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ ባለቤቱ በተጠቀሰ ቁጥር አንባቢው ስለ እሱ ይጸልያል ማለት ነው። ታዲያ መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም በቢላ ፍቆ የራሱን ይጽፍበታል። ብራናው በተፋቀበት ቦታ ሳስቶ፣ ቀለሙ ተለውጦ፣ ሁለተኛው ስም ከመጀመሪያው ረዝሞ ወደ ኅዳጉ ወጥቶ ይታያል። ሦስተኛ ባለቤት ያገኘ መጽሐፍማ እዚያች ቦታ ላይ ሊበሳ ምንም አይቀረው። ስምን ለሰው ዓይን ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ከዚህ ይገመት። በእነ እገሌ መታሰቢያ ተብሎ በቀለም የተጻፈባቸው አግዳሚ ወንበሮችም ዕጣቸው ያው ነው፤ የሚቀጥለው ለጋሽ ወንበሩን በራሱ ወጪ አሳድሶ አዲስ ቀለም ያስቀባል።

ለስም ጥያቄ ቤተ ክርስቲያናችን ያላት መልስ እኮ ከማንም ይልቅ ብልህ ነው፤ የክርስትና ስም። ካህኑ በጸሎት ለማሰብ የሚጠይቀው የመታወቂያውን ስም አይደለም። ወለተ ማርያም ከተባለች በቂ ነው። ዳላስ ውስጥ ስንት ወለተ ማርያም እንዳለች እግዚአብሔር ያውቃል፤ ከጎረቤት ግን ማንም አይለያትም። በአንድ ጊዜ ታስባለችም፣ ተሰውራለችም። እንግዲህ ለደረሰኙ የፓስፖርቷ ስም፣ ለጸሎቱ የክርስትና ስሟ ይበቃል፤ ለድምፅ ማጉያው የሚተርፍ ስም የለም። ድምፅ ማጉያው ሥራ እንዳይፈታ ጠቅላላ የተሰበሰበውን፣ የወጣውንና የቀረውን ያንብብበት። ሕዝቡ ሊሰማው የሚገባ ዜና እሱ ነው።

ይልቁንም ቅዳሴውን ልብ ብሎ ለሚሰማ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። መባ ስለሚያቀርቡ ሰዎች በሚጸለየው ጸሎት ውስጥ ብዙ የሰጠና ጥቂት የሰጠ፣ በስውር የሰጠና በግልጽ የሰጠ አንድ ላይ ይታሰባሉ። ከዚያም አልፎ መስጠት ወድዶ የሚሰጠው ያጣ ሰው ከእነሱ ጋር ይቆጠራል። ባዶ እጁን የመጣው ሰው፣ ፍላጎቱ ብቻ ተይዞለት፣ ከባለ ጸጋው ጎን ሰልፍ ገብቷል። ከቅዳሴው በኋላ ከቤተ መቅደሱ ሃምሳ እርምጃ ርቆ በሚቆመው ድንኳን ውስጥ ግን ሌላ ሥርዓት ይጀምራል። ዝርዝሩ የሚነበበው ከዜሮ ብዛት ነው። ባለ መቶ ሺዎቹ አንድ በአንድ፣ ከእልልታ ጋር፤ ባለ አሥር ሺዎቹ ፈጠን ተብሎ፤ ከዚያም «ሰዓት ስለሌለን ከአምስት ሺህ በታች የሰጣችሁትን በጅምላ እግዚአብሔር ይስጥልን» ይባላል። ያ ጅምላ ውስጥ ማን እንዳለ ማሰብ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ከደመወዟ ለእናቷ ከምትልከው ላይ ቆርሳ «ይችን ለሚካኤል» ያለቻት ሁለት ሺህ ብር እዚያ ውስጥ ነች። ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ጌታ ነጥሎ እንዳወጣት ሰባኪው በዚያው ዕለት ጠዋት አስተምሮ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ ልምጣ። «ስም ካልተጠራ ሰው አይሰጥም» ይባላል። አንዱ ሲጠራ ሌላው ይቀናል፣ መንፈሳዊ ቅናት ነው፤ ሐዋርያትስ ቢሆኑ መሬቱን ሸጦ ዋጋውን በእግራቸው ሥር ያኖረውን በርናባስን በስሙ ጽፈውት የለም ወይ? ይህ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በርናባስ በእርግጥ በስሙ ተጠቅሷል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ አራት መጨረሻ ላይ። ክርክሩን የሚያመጣ ሰው ገጹን ቢገልጥ ምዕራፍ አምስት የሚጀምረው በሐናንያና በሰጲራ ነው። እነሱም መሬት ሸጡ፤ እነሱም ዋጋውን አመጡ፤ ከፍለው አስቀርተው ሙሉውን እንደሰጡ ግን ተናገሩ። የሁለቱ ታሪክ ጎን ለጎን መቀመጡ ለእኔ ትርጉም አለው፤ በርናባስ ስጦታውን አየ፣ ሐናንያ ጭብጨባውን አየ። ቅናቱ በእርግጥ ሠርቷል፤ ፍሬው ግን ቀብር ነበር።

የዘመናችን ሐናንያ እንኳን በጤና አለ፤ ስሙ «ቃል የገባ» ይባላል። በገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት እጁን አውጥቶ ሃምሳ ሺህ ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል፣ መዘምራን ይነሣሉ፣ ከበሮ ይመታል። ክፍያው ግን በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ስድስት ወር ደግሞ ረጅም ጊዜ ነው። የምስጋናው ነገር እንግዲህ ይህን ይመስላል፤ ሙሉ ምስጋናውን የወሰደው ያልከፈለው ነው፤ ዝም ብሎ በወሩ መጨረሻ ባንክ ሄዶ ያስገባው ሰው ደግሞ «የማይታወቅ ገቢ» ተብሎ መዝገብ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የላኪው ስም አልታወቀምና ሒሳብ ሹሙን እንቅልፍ ይነሣል። ስም መጥራት ገንዘብ ያመጣል የሚለው እውነት የሚሆነው እንግዲህ ቃል የተገባውን ቆጥረን ብንተው ነው። የገባውን ለቆጠረ ሰው ሂሳቡ ያጠራጥራል። ሩቅ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ የምትልከው ስሟ ስለተጠራ አይደለም፤ የመጀመሪያው ምን እንደሠራ ስላወቀች ነው። ካላወቀች ዘንድሮ ትልካለች፣ ለከርሞም በይሉኝታ ትልካለች፤ በሦስተኛው ዓመት ስልክ ቁጥሯን ትቀይራለች።

እንግዳ ሆኖ የሚመጣው ለጋሽ ጉዳይ ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ እዚህ ላይ እንግዳ ተቀባይነታችንን የሚነካ ነገር መናገር ያስወቅሳል። ከሩቅ የመጣን ሰው ደጀ ሰላም አስገብቶ፣ እግር አሳርፎ፣ ጸበል ጸዲቅ ማቅመስ ደግ ልማድ ነው። ያዕቆብ ግን በመልእክቱ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው በክብር ቦታ አስቀምጦ ድሃውን «አንተ እዚያ ቁም» ማለትን በብርቱ ነቅፏል። የእኛ ነገር ደግሞ ሰዓቱን ማየት ይጠይቃል። እንግዳው ፖስታውን የሚያወጣው ከምሳ በፊት ከሆነ ዶሮ ወጥ ይቀርባል፤ ከምሳ በኋላ ከሆነ ሽሮውን በልቶ ጨርሷል፤ አስተዳዳሪው ፖስታውን ሲያዩ «እንዲያው ሳናውቅ» እያሉ ይጨነቃሉ። እንግዳን ማክበር ለመምጣቱ ከሆነ ሁለቱም አንድ ወጥ መብላት ነበረባቸው። ጋቢ ማልበሱና የምስክር ወረቀት በመስታወት አድርጎ መስጠቱም ልክ ይኑረው፤ ሰውዬው ስምንት ኪሎ መስታወት ተሸክሞ አውሮፕላን ሲሳፈር ማሰብ ይገባል። ላሊበላን ሊያይ የመጣ ጎብኚ የመግቢያውን ከፍሎ ቲኬቱን ይዞ ይገባል፤ ማንም እልል አይልለትም፣ እሱም አይከፋውም። ሃያ እጥፍ የሰጠ የአገር ልጅ ግን ጋቢ ለብሶ፣ ወረቀት ሳይይዝ ይመለሳል። ንግሥተ ሳባ እንኳን ለሰሎሞን ወርቅና ሽቱ ስታመጣ ወርቁ ስንት መክሊት እንደነበር ተመዝግቧል፤ 120። ያ በግብዣው መካከል ይታወጅ አይታወጅ አልተነገረንም፤ መጽሐፍ ላይ ግን አለ።

«ወረቀት ነገሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ባንክ አይደለችም» ለሚሉ አሜሪካ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናታችንን ማየት ይበጃል። በዚያ አገር የግብር ሕግ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ሰጥቶ ከግብር እንዲታሰብለት ከፈለገ ከተቀባዩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሊኖረው ግድ ነው። ወረቀቱ ላይ ሰጪው በምትኩ ያገኘው ነገር ካለ ይጠቀሳል፤ ያገኘው መንፈሳዊ ጥቅም ብቻ ከሆነ እሱው ይጻፋል። ቄሳር ለበረከት ሳይቀር መስመር አዘጋጅቶለታል። በዚህ ምክንያት አንድ ምእመን ቨርጂኒያ ላለው ደብር የሰጠው በየዓመቱ መጀመሪያ በደብዳቤ ተዘርዝሮ ይደርሰዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑም አልቀዘቀዘም፣ እልልታውም አልቆመም። ይኸው ሰው ለተወለደበት የገጠር ደብር የላከው ግን ምስክሩ የአጎቱ ስልክ ነው። ግብር ሰብሳቢ ያስተማረንን ጨዋነት ወንጌል ካስተማረን ላይ ብንጨምረው ነውር የለበትም።

«የገጠር ደብር ጸሐፊ ጊዜም ኮምፒውተርም የለው» የሚለው ግን እውነትነት አለው፤ ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ የሚወጣ ጸሐፊ አለ። ዳሩ ግን የእልልታውን ቪዲዮ የላከ ስልክ የደረሰኝ ፎቶ ለመላክ አያንስም፤ ፎቶው እንዲያውም ይቀልለዋል።

መልስ መስጠት ሌላም ጥቅም አለው፤ አላስፈላጊ ስጦታን በትሕትና ለማስቆም ያስችላል። ቁልቢ ገብርኤልን ታኅሣሥ 19 ያየ ሰው ጃንጥላ ምን ያህል እንደሚበዛ ያውቃል። ስዕለት ነው፤ ስዕለት ደግሞ አይመለስም። የስዕለት ጃንጥላ በዝቶ ለጨረታ ሲወጣ ሌላ ባለ ስዕለት ይገዛውና መልሶ ይሰጠዋል፤ ያው ጃንጥላ ከአንድ በላይ ሰው ስዕለት አድርሷል። በትልልቆቹ የንግሥ ቦታዎች ይህ ችግር ላይሆን ይችላል፤ ሰባት ቤተ ሰብ ካህናት ባሉት የገጠር ደብር ግን አሥራ አራተኛው ጃንጥላ የሚያዝለት ዲያቆን የለም። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ጃንጥላው ውስጥ መዘርጋቱ አይቀርም። ግድግዳ ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ አምስቱም የየራሳቸውን ሰዓት ያሳያሉ፤ ቅዳሴ የሚገባው በአምስቱም አይደለም። ሩቅ ያለ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያለው በልቡ ውስጥ ያስቀረው ደብር ነው፤ እዚያ ደግሞ ጃንጥላ አንድ ብቻ ነበር። የሚነግረው ካጣ አሁንም ጃንጥላ ይልካል። «በረከት አይመለስም» እያሉ ዝም ማለት ጨዋነት መስሎን ሰውዬውን ለጉምሩክ አሳልፈን እንሰጠዋለን።

ስለዚህ ከጩኸቱ ይልቅ የሚበጀው ደብዳቤ ብዙ አይሆንም። እንዲህ ያለ ቢሆን ይበቃል፤ «ለእኅታችን ወለተ ማርያም። በጥር ወር የላኩት ገንዘብ ደርሶናል፤ የደረሰኙ ፎቶ ከዚህ ጋር አለ። 60 ቆርቆሮና ሁለት ካርቶን ምስማር ተገዝቶበታል፤ ቤተ ልሔሙ ተከድኗል፤ አራት ቆርቆሮ ተርፎ ዕቃ ቤት ገብቷል። ስምዎ በቅዳሴ ይታሰባል፤ በሌላ ቦታ አልተጠራም። እናትዎ ደኅና ናቸው፤ እሑድ ዕለት አስቀድሰዋል። ለከርሞ ጃንጥላ ለመላክ ማሰብዎን ሰምተናል፤ ጃንጥላ አለን፤ ከተቻለ ለመቅደሱ ሻማ ቢሆን ይሻላል፤ ካልተቻለም የላኩት በቅቶናል።» ይህን ለመጻፍ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ከነስልኩ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። ጸሐፊው ይፈርሙበታል። ከዚያ ማኅተም ያስፈልጋል፤ ማኅተሙ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ሒሳብ ሹሙ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ለቅሶ ደርሰው የሚመለሱት ሰኞ ነው።